በቁራጭ ወረቀት የሚሠራ የቤት መዝገብ

የእጅ ሥራ ዓምድ

 

በዚህ ሳምንት ስለ ቁራጭ ወረቀትና ስለ ሙጫ እንነጋገራለን። ነገሩ የልጆች ጨዋታ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ከሱቅ ዕቃ ጋር የሚመጣው ወረቀት ብዙ ጊዜ እሳት ይለኮስበታል። ወይም ደጅ ይጣላል። እኛ ግን ከእሱ ደብተር እንሠራለን። ለእንቁጣጣሽም ካርድ እንሠራለን። ደብተሩን «የቤት መዝገብ» ብለን እንጠራዋለን።

የቤት መዝገብ ለምን ይጠቅማል?

አንዲት እናት ልጇን ለማስመዝገብ ትምህርት ቤት ሄደች እንበል። መምህሩ ይጠይቃታል።

«እናቴ፣ ልጁ መቼ ተወለደ?»

«ጤፍ ስናጭድ ነው፣ የኔ ልጅ።»

«በስንት ዓመተ ምሕረት?»

«እሱን እንጃ። የጎረቤታችን ቤት በተቃጠለ በዓመቱ ነው።»

እናትየዋ አልዋሸችም። የምታውቀውን ተናግራለች። መምህሩ ግን ዕድሜውን በግምት ይጽፋል። ግምት ደግሞ ይሳሳታል። የተሳሳተ ዕድሜ ከልጁ ጋር አብሮ ያድጋል። ትምህርት ሲጨርስ፣ ሥራ ሲፈልግ፣ መታወቂያ ሲያወጣ ይከተለዋል። አንድ ቀን የተጻፈች አንዲት መስመር ይህን ሁሉ ታድን ነበር። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው ለዚህ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. በአገራችን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ብዙ ሚሊዮን ሰዎች ፊደል ቆጠሩ። ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች እስከ መሰጠት ደረሰ። ከተማሩት ውስጥ ግን ብዙዎቹ መልሰው ረሱ። ለምን? በቤታቸው የሚነበብ ነገር አልነበረም። የሚጻፍም ጉዳይ አልነበረም። ፊደል እንደ ማረሻ ነው፤ ካላረሱበት ይዝጋል። የቤት መዝገብ ያለው ሰው ግን በየሳምንቱ የሚጽፈው አያጣም። የሚያነበውም አያጣም።

ወረቀት መሰብሰብ

ገንዘብ አውጥታችሁ ወረቀት አትግዙ። በመጀመሪያ በቤታችሁ ያለውን እዩ። ዓመቱ ያለፈ ካላንደር ጀርባው ነጭ ነው፤ ወረቀቱም ጠንካራ ነው። ልጆች የጨረሱት ደብተር ያልተጻፈበት ገጽ አይጠፋውም። የሳሙና መጠቅለያ፣ የሻይ ቅጠል ፓኮ፣ የብስኩት ካርቶን፣ የክብሪት ቀፎ፣ አሮጌ ጋዜጣ ሁሉም ይጠቅማሉ። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ከሆነ ለሽፋን ጥሩ ነው። ከውጭ አራግፉት። ንጹሑን ክፍል ብቻ ተጠቀሙ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን ካርቶንና ወረቀት በፍጹም አትንኩ። መርዙ በዓይን ባይታይም ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ልጆች ደግሞ በነኩበት እጅ ይበላሉ። የአይጥ መርዝ የነበረበትም እንደዚሁ ነው።

የዱቄት ሙጫ አሠራር

ሙጫ በቤት ይሠራል። የሚያስፈልገው ይሄ ነው። አንድ የቡና ሲኒ የስንዴ ዱቄት፣ አምስት ሲኒ ውሃ፣ አንድ ቆንጥር ጨው።

1. ዱቄቱን በአንድ ሲኒ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት። እንዳይጓጉል በደንብ እሹት።

2. የቀረውን አራት ሲኒ ውሃና ጨውን በድስት አፍሉ።

3. የተበጠበጠውን ዱቄት በፈላው ውሃ ላይ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። እጃችሁ ከማማሰያው አይለይ።

4. እሳቱን ቀንሱ። እንደ ወፈረ አጥሚት ሲሆን አውጡት። ሲቀዘቅዝ ሙጫ ሆነ ማለት ነው።

ይህ ሙጫ ቶሎ ይቦካል። ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በላይ አይቀመጥም። ስለዚህ የምትፈልጉትን ያህል ብቻ ሥሩ። ዱቄት እህል ነውና አታባክኑት።

ዱቄት ከሌለ የግራር ሙጫ አለ። ከግራር ግንድ ላይ ደርቆ የሚገኘውን ለቅማችሁ ውቀጡት። አንድ ሲኒ ሙጫ በሁለት ሲኒ ለብ ያለ ውሃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት። ጠዋት በጨርቅ አጥልሉት። የቁልቋል ወተት ግን ሙጫ ይሆናል ብላችሁ አትሞክሩ። ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል።

መቀቢያ ብሩሽ የለንም አትበሉ። አዲስ መፋቂያ ወስዳችሁ ጫፉን በድንጋይ ቀጥቅጡት። ጥሩ ብሩሽ ይወጣዋል። የዶሮ ላባም ይሆናል።

ሙጫውን በስሱ ቀቡ። ብዙ ሙጫ ወረቀቱን ያጨማድደዋል። አይጥና በረሮም የዱቄት ሙጫ ይወዳሉ። ከለጠፋችሁ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር ጥረጉት። ጥላ ውስጥ አድርጋችሁ ከላይ ጣውላና ድንጋይ ጫኑበት። እስኪደርቅ ይደር። ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት ይጣመማል።

ደብተሩን መስፋት

ገጾቹን በሙጫ አታጣብቁ። ስፏቸው። የድሮ የብራና መጻሕፍት ቅጠላቸው ታጥፎ በክር የተሰፋ ነው። ሽፋናቸውም እንጨት ነው። በትግራይ፣ ከዓድዋ አጠገብ፣ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት የብራና ወንጌሎች ከ1,300 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። እኛም በወረቀትና በካርቶን ይህንኑ እናደርጋለን።

ስምንት እኩል ወረቀት ውሰዱ። ደራርባችሁ ከመሐል እጠፉ። 16 ቅጠል፣ 32 ገጽ ይሆናል። ከውጭ ካርቶኑን አልብሱት። በመታጠፊያው ላይ ሦስት ቀዳዳ በወስፌ ብሱ። አንዱ መሐል፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ክሩን በሰም አሹት፤ ጠንካራ ይሆናል።

መርፌውን ከውስጥ በመሐለኛው ቀዳዳ ወደ ውጭ አውጡ። የክሩን ጫፍ ውስጥ አስቀሩ። በላይኛው ቀዳዳ ወደ ውስጥ አስገቡ። መሐለኛውን ዘላችሁ በታችኛው ወደ ውጭ አውጡ። ተመልሳችሁ በመሐለኛው ወደ ውስጥ አስገቡ። አሁን ሁለቱ የክር ጫፎች መሐል ላይ ተገናኙ። ረጅሙን ክር በመካከላቸው አድርጋችሁ ቋጠሯቸው። አለቀ።

ወረቀት ሲለጠፍበት ደብተሩ ይወፍራል፤ አፉም ይከፈታል። ስለዚህ ከየሦስት ቅጠሉ አንዱን ቁረጡት። ስትቆርጡ የጣት ስፋት ያህል በስፌቱ በኩል አስቀሩ። ያ ቁራጭ ለሚለጠፈው ቦታ ይሰጠዋል።

በመዝገቡ ውስጥ ምን ይግባ?

በመጀመሪያው ገጽ የቤተሰቡን ስም ጻፉ። ከየስሙ ጎን የተወለዱበትን ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት አስገቡ። ቀኑን የማታውቁትን «በግምት» ብላችሁ ጻፉ። ከእንግዲህ የሚወለደውን ግን በዕለቱ መዝግቡ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ አዟል። ምዝገባውም በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ተጀመረ። የቤት መዝገባችሁ የቀበሌውን ምዝገባ አይተካም። ቀኑን ሳትሳሳቱ ለማስመዝገብ ግን ይረዳችኋል።

በሁለተኛው ገጽ የክትባት ቀን ይጻፍ። ሕፃን ሲወለድ ይከተባል። በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ደግሞም በ9ኛውና በ15ኛው ወር ይመለሳል። የጤና ባለሙያዋ የነገረቻችሁን ቀጠሮ እዚያው ጻፉ።

በሌሎቹ ገጾች የእርሻውን ነገር አስገቡ። ዝናብ መቼ ጣለ? ምን ዓይነት ዘር ዘራችሁ? ስንት ኩንታል ተገኘ? ላሚቱ መቼ ወለደች? በዓመቱ ገልጣችሁ ስታዩት ብዙ ነገር ይነግራችኋል። ፎቶግራፍ፣ ልጆች የሣሉት ሥዕል፣ ከሩቅ የመጣ ደብዳቤም ቦታ አላቸው። የአያቶችን ተረትና ምሳሌም ጻፉ። አያት ሲሞቱ ያልተጻፈ ተረት አብሯቸው ይቀበራል።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በሉ። ማኅተም ያለበት ወረቀት በሙጫ አይለጠፍም። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የብድር ውል ሁሉ አይለጠፉም። አንድ ቀን ቢሮ ይዛችሁ ትሄዳላችሁና። ከጀርባቸውም የተጻፈ አለ። ተለጥፎ ሲላቀቅ ይቀደዳል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ኪስ ሥሩላቸው። ከሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት የገጹን ግማሽ የሚያህል ቁረጡ። ግራውን፣ ቀኙንና ታቹን ዳር ብቻ በሙጫ ቀቡ። ላዩን ክፍት ተዉት። ገጹ ላይ ለጥፉት። ኪስ ሆነ። ከላዩ ላይ «የክትባት ካርድ» ወይም «ደረሰኝ» ብላችሁ ጻፉበት። ወረቀቱ ይገባል፣ ይወጣል፣ አይጠፋም። ደብተር የሚያህለው ትልቁ ሰነድ ግን ኪስ ውስጥ አይታጠፍ። ለብቻው ይቀመጥ። መዝገቡ ላይ «የት እንዳለ» ጻፉ።

የእንቁጣጣሽ ካርድ

ወንዶች ልጆች ለእንቁጣጣሽ ሥዕል ሥለው በየቤቱ እንደሚያዞሩ ታውቃላችሁ። ሴቶቹም «አበባየሆሽ» እያሉ ይዞራሉ። ዘንድሮ እናንተም ከተማ ላለው ልጃችሁ ወይም አረብ አገር ለሄደችው እህታችሁ ካርድ ሥሩ።

ወፍራም ወረቀት ከመሐል እጠፉ። ከቢጫ መጠቅለያ ስምንት ትናንሽ ቅጠል ቁረጡ። በክብ አድርጋችሁ ለጥፏቸው። አደይ አበባ ሆነ። ግንዱን ከአረንጓዴ ወረቀት አድርጉለት። ባለ ቀለም ወረቀት ከሌለ እርድ በውሃ ሲበጠበጥ ቢጫ ይሆናል። ከሰል ጥቁር ይሰጣል። ቀይ አፈርም አለ። በመስከረም አደይ ሲፈካ ደግሞ ጥቂት ቅጠፉ። በሁለት ጋዜጣ መሐል አድርጋችሁ ድንጋይ ጫኑበት። በሁለት ሳምንት ይደርቃል። ለሚመጣው ዓመት ካርድ እውነተኛ አበባ ትለጥፋላችሁ።

በውስጡ ምን ይጻፍ? ረጅም አያስፈልግም። «እንኳን አደረሰሽ። እኛ ደህና ነን። ላሚቱ ወልዳለች። ይህን የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው።» ይበቃል።

«ስልክ አለ አይደል እንዴ? ካርድ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ስልክ ጥሩ ነው። ድምፅ ግን ወዲያው ያልፋል። ካርዱ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ልጁ ሲናፍቅ ያወጣዋል። ያለ ጸሐፊ፣ በእናቱ እጅ የተጻፈ መሆኑንም ያያል።

አቀማመጥ

መዝገቡን ከምድጃ ጭስ አርቁት። መሬት ላይ አታኑሩት፤ ምስጥ ይበላዋል። ክዳን ባለው ቆርቆሮ ወይም በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡ። በክረምት ደረቅ ቀን ሲገኝ ገልጣችሁ አናፍሱት።

የዚህ ሳምንት ሥራ

ማክሰኞ ወረቀት ሰብስቡ። ሐሙስ ደብተሩን ስፉ። ቅዳሜ ሙጫ ሠርታችሁ አንድ ኪስ ለጥፉ። እሑድ ቤተሰቡን ሰብስባችሁ የመጀመሪያውን ገጽ ጻፉ። ከዚያ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው።

ጥያቄዎች

1. ማኅተም ያለበት ወረቀት ለምን አይለጠፍም?

2. የትኛው ካርቶን ለዚህ ሥራ አይሆንም? ለምን?

3. ሙጫው በስሱ የሚቀባው ለምንድን ነው?

4. በእናንተ ቤት የልደት ቀኑ ያልተጻፈ ሰው ማን ነው? ዛሬ ጻፉለት።

አዳዲስ ቃላት

መዝገብ፦ ነገር እንዳይረሳ የሚጻፍበት ደብተር።

ሰነድ፦ ለማስረጃ የሚቀመጥ ወረቀት።

ግምት፦ በትክክል ሳይታወቅ የሚነገር ነገር።

በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።