«ያ አላህ፣ የአባቴን ሱቅ ዝጋልኝ»



ባለፈው ክረምት በመስጂዳችን የክረምት ቂርአት የሚዘጋ ዕለት ትንንሾቹን ደረሶች አንድ በአንድ እያስነሳን ዱዓ አስደረግናቸው። አንዱ እናቱ ከሕመሟ እንድትድን ለመነ። አንዷ ቁርአንን በሙሉ እንድትሐፍዝ ለመነች። አንዱ ብስክሌት ጠየቀ፤ ሁላችንም እየሳቅን «አሚን» አልን። ቀጥሎ ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ ተነሳ። እጁን ከፍ አድርጎ «ያ አላህ፣ የአባቴን ሱቅ ዝጋልኝ» አለ።

ሰው ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ። አባትየው ከኋላ ምሰሶው ሥር ተቀምጦ ነበር። «አሚን» ያለ ሰው አልነበረም። እኛም አላልንም። ያ ሱቅ የልጁ እንጀራ፣ የትምህርት ቤት ክፍያውና የቤት ኪራዩ መሆኑን እናውቃለን። ግን «እንዲህ አይባልም» ብለን ልንቆጣውም አልቻልንም። ያን ክረምት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ዒሻ እስኪሰገድ ድረስ ከእኛ ጋር ይውል ስለነበር ምን እንደጎደለው ከማንም በላይ የምናውቀው እኛ ነበርን።

ዘንድሮም ክረምቱ ገብቷል። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ የመስጂዱ በር ላይ የምዝገባው ሰልፍ ጀምሯል። ስለዚህ በተለይ ለእናንተ ሱቅ ከፍታችሁ፣ ትዳር ይዛችሁ፣ ልጅ ማሳደግ ለጀመራችሁ ወጣት ወንድሞችና እህቶች ልባችን ውስጥ ያለውን ለመናገር ወደድን።

በመጀመሪያ ለነጋዴው እንፍረድለት። ንግድ ዒባዳ የሚሆንበት መንገድ ሰፊ ነው። ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) ወደ መዲና ሲሰደዱ ሰዕድ ኢብን ረቢዕ (ረ.ዐ) የገንዘባቸውን ግማሽ ሊሰጧቸው ቢፈልጉ፣ በረካ እንዲሆንላቸው ዱዓ አድርገው የጠየቁት ገበያው በየት በኩል እንደሆነ ነበር። ቡኻሪ የዘገቡት ታሪክ ነው። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ በአላህ መንገድ ከሚወጣ፣ ባሪያ ነጻ ለማውጣት ከሚሰጥ፣ ለሚስኪን ከሚመጸወት ገንዘብ ሁሉ አጅሩ የሚበልጠው ሰው ለቤተሰቡ የሚያወጣው መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። እንግዲህ ከሱቁ ባንኮኒ ኋላ ቆሞ የሚውለውን አባት «ዱንያ ወዳድ» ብለን ልንሰድበው አንችልም።

ክረምት ደግሞ ለነጋዴ ቀላል ጊዜ አይደለም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋና ሐምሌ ከግብር ጋር ይመጣል። ዝናቡ ደንበኛን ከቤት ያስቀራል፤ የሱቅ ኪራይ ግን ዝናብ አያውቅም። ነሐሴ ሲያልቅ የደብተር፣ የቦርሳና የዩኒፎርም ገበያ ይደራል፤ ያኔ ሱቁን ትቶ መሄድ የዓመቱን ትርፍ ትቶ መሄድ ነው። አሥር ወር ሙሉ የቀኑን ብዙ ሰዓት ትምህርት ቤት ተሸክሞት የነበረው ልጅ ወላጁ በጣም በተጣበበበት ወቅት ወደ ቤት ይመለሳል። ችግሩ እውነተኛ ነው።

ችግሩን የምንፈታበት መንገድ ነው ያላማረን። በየዓመቱ የምናየውን እንናገር።

አንዳንዱ ልጁን ባንኮኒ ሥር አስቀምጦ ስልክ ይሰጠዋል። «ዝም ካለልኝ ይበቃኛል» ይላል። ልጁ ዝም ይላል። ሁለት ወር ዝም ያለ ልጅ መስከረም ላይ አባቱን ሲያናግር ግን ቃል ያጥረዋል።

አንዳንዱ ቤቱን ለትልቋ ልጁ ይተዋል። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ጠዋት ታናናሾቿን እጃቸውን ይዛ መድረሳው በር ላይ ታደርሳለች፤ እሷ ግን አትገባም፤ ምሳ ሊሠራ፣ ልብስ ሊታጠብ ነው። ታናናሾቿ ጁዝ ዐመን ሲጨርሱ እሷ ዐምና ካቆመችበት ሱራ አልተነቃነቀችም። ለሱቁ መከፈት ዋጋውን እየከፈለች ያለችው እሷ ናት፤ በማንም ደብተር ላይ ግን አልተጻፈላትም። እናትና አባት ሆይ፣ ይህችም አማና ናት።

አንዳንዱ ደግሞ እንደዚያ ልጅ አባት ያደርጋል፤ ለመስጂድ ያስረክባል። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛም ነው። ምዝገባ ስንከፍት «ዘንድሮ ይህን ያህል ደረሳ አስቀራን» ለማለት የመጣውን ሁሉ ተቀብለናል። የስድስት ዓመት ሕፃን ከጠዋት እስከ ማታ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ቁርአንን ሊወድ አይችልም፤ የሚለምደው ሰዓት መቁጠር ነው። አንድ ኡስታዝ ሞልቶ የፈሰሰ ክፍል ይዞ ማስተማር ሲያቅተው ጸጥታ ማስጠበቅ ብቻ ይሆናል ሥራው። መስጂዱን የልጅ ማቆያ ያደረገው ወላጅ ብቻ አይደለም፤ እኛም በሩን ከፍተን አግዘነዋል።

ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው፦ የትንንሾቹ የክረምት ቂርአት ዙህር ላይ ማለቅ አለበት። ከዚያ በኋላ ልጁን ቤተሰቡ መጥቶ ይረከበው። ይህን ስንል የሚከፉብን ወላጆች እንዳሉ እናውቃለን። ግን ሁላችንም በየድርሻችን እረኛ መሆናችንና ስለ መንጋችን የምንጠየቅ መሆናችን ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ የታወቀ ነው። እረኛ ረዳት ሊይዝ ይችላል፤ መንጋውን በጠቅላላ ለረዳት አስረክቦ ግን «ጠብቄ ነበር» ሊል አይችልም። ሱረቱ ሉቅማን ከ13ኛው እስከ 19ኛው አንቀጽ ያለውን አንብቡ። አባት ልጁን በፍቅር እየጠራ ስለ ተውሒድ፣ ስለ ወላጅ ሐቅ፣ ስለ ሰላት፣ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ አካሄድና ስለ ድምፅ ሳይቀር ይመክራል። ሉቅማን ያንን ምክር ኡስታዝ ቀጥሮ አላስነገረም።

«ታዲያ ከዙህር በኋላ የት ላድርገው?» ለሚለው ሁለት መልስ አለን።

የመጀመሪያው፦ ሱቅ ይምጣ፤ ግን ለሥራ እንጂ ለመቀመጥ አይምጣ። ሱቅ እውነተኛ መድረሳ ሊሆን ይችላል። ከቁርአን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ፣ ስለ ብድር መጻፍ ነው። ልጅህ ጠዋት መድረሳ ይህን ሰምቶ ከሰዓት በኋላ የዱቤ ደብተርህ ላይ የደንበኛን ስም፣ ቀንና ብር በራሱ እጅ ቢጽፍ ቁርአን ገበያ ውስጥ እንደሚኖር ያኔ ይገባዋል። መልስ ይቁጠር፣ ሚዛን ያንብብ፣ ደንበኛን በሰላምታ ይቀበል። መልስ ቢያሳስት አትጩህበት። አነስ (ረ.ዐ) ገና ልጅ ሳሉ ጀምረው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አሥር ዓመት አገልግለው «ይህን ለምን አደረግክ?» ተብለው አያውቁም።

እዚህ ላይ ግን ማስጠንቀቂያ አለ። ልጅ ሱቅ ሲመጣ አንተንም ያነብሃል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ በእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ቢያስገቡ ጣታቸው እርጥበት አገኘው። ባለቤቱ ዝናብ እንደነካው ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰው ከእሳቸው እንዳልሆነም ተናገሩ። ሙስሊም ዘግበውታል። የእኛም ክረምት ዝናብ ነው፤ የእኛም ጆንያ ይረጥባል። የረጠበውን ስኳር ከሥር፣ ደረቁን ከላይ ስታደርግ ያየህ ልጅ ያን ቀን የተማረውን አሥር ኡስታዝ አያስለቅቀውም። አበዳሪ ሲደውል «የለም በለው» ብለህ ስልኩን ካቀበልከውም እንደዚሁ። ልጅን ሱቅ ማምጣት የሚፈልግ አስቀድሞ ሱቁን ያጽዳ።

ልኩም ይታወቅ። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ያልሞላ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ልጅህ ቅጥረኛህ ባይሆንም ከዚህ መማር አለብህ፤ ሁለት ሰዓት ትምህርት ነው፣ ሙሉ ቀን ግን ጉልበት መበዝበዝ ነው። መጫወትም ሐቁ ነው።

ሁለተኛው መልስ፦ ሱቁን ዝጋ። አዎ፣ ዝጋ፤ ለጥቂት ሰዓት። በሱረቱል ጁሙዓ ለሰላት ስንጠራ ሽያጩን እንድንተው፣ ከሰላት በኋላ ደግሞ ተበትነን የአላህን ችሮታ እንድንፈልግ ታዘናል። በየሳምንቱ ጁሙዓ በሩን ዘግተን እንሄዳለን፤ ተመልሰን ስንከፍት ሪዝቁ ይጠብቀናል። ደንበኛም ለምዶታል። ለጁሙዓ ተዘግቶ ያልከሰረ ሱቅ፣ ገበያው ቀዝቀዝ በሚልበት ሰዓት በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ለልጅ ቢዘጋ ይከስራል ብለን አናምንም። ከዐስር በኋላ ገበያህ የሚደራ ከሆነ ከዙህር እስከ ዐስር ያለው ሰዓት ይበቃል።

መዝጋት የማይሆንለት ጎረቤቱን ይያዝ። ለሰላት ስንሄድ ሱቃችንን ጨርቅ አልብሰን «አንዴ እያት» ብለን ለጎረቤት እንተው የለ? ያንኑ እናስፋው። ማክሰኞ እኔ ያንተን ልይ፣ ሐሙስ አንተ የእኔን እይ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ መተማመን ብቻ ነው የሚጠይቀው።

አንድ እህት ይህን አንብባ «እኔ ጉልት ላይ ብቻዬን ነኝ፤ አንድ ቀን ካልሸጥኩ ማታ ራት የለም» ልትለን ትችላለች። እውነቷን ነው። ባሏ የሞተባት፣ ወይም ዐረብ አገር ሄዶ የቀረባት እናት አለች። ልጆቿ በክረምት ሜዳ ላይ ቢውሉ ጥያቄው የሚመጣው ወደ ጀመዓው ነው። ለትንንሾቹ «ዙህር ላይ ይብቃ» ያልነው ሕግ ለእሷ ልጆች በር መዝጊያ መሆን የለበትም። እዚህ ላይ ነው እናንተ ገና ያላገባችሁ ወጣቶች የምታስፈልጉት። ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የመጣህ ወንድም፣ በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ሒሳብ አስጠናቸው፤ ኳስ አጫውታቸው። እህትም ያችን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ከቤቷ ጥሪያት፤ እናቷን አስፈቅደሽ መድረሳ አምጪያት። ሰደቃ ስንል ብር ብቻ አይታየን።

ያ አባት ምን አደረገ? ያን ቀን ከሰላት በኋላ ወደ እኛ ሲመጣ ሊቆጣን መስሎን ነበር። «በቀን ስንት ሰዓት ነበር እናንተ ጋ የሚቆየው?» ብሎ ብቻ ጠየቀን። «ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 2» አልነው። በጣቱ ቆጠረ። ከዚያ ምንም ሳይል ጫማውን አድርጎ የልጁን እጅ ይዞ ወጣ።

ሱቁ አልተዘጋም፤ አልሐምዱሊላህ። ዘንድሮም ኪራዩ ጨምሯል፤ ችግሩም እንዳለ ነው። ግን በሳምንት ሦስት ቀን ዙህርን ከእኛ ጋር ሰግዶ ልጁን ከመድረሳው በር ላይ ይቀበለዋል፤ በአንድ ጃንጥላ ሥር ሆነው ሲሄዱ እናያለን። ልጁ አሁን ጮክ ብሎ እያወራ ነው የሚሄደው።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን። በዱዓቸው ላይ «አሚን» ለማለት የማናፍር ወላጆች ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።