«አርጅቷል» ከማለታችሁ በፊት
እስቲ ልጠይቃችሁ፤ የውሻችሁን ጥርስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላውቅም ነበር። የደብረ ብርሃኑ ውሻችን በዚያ ብርድ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኽልን ያድራል። ሰሞኑን አጥንት ሲወረወርለት አሽትቶ ተወው። እማዬም «አርጅቷል» ብላ ፈረደችበት። ከንፈሩን ገለጥ ሳደርገው ግን ድዱ አብጧል፤ ጥርሱ ላይ ቢጫ ቆሻሻ እንደ ድንጋይ ደርቋል። ለካስ እያመመው ኖሯል! ሐኪም ዘንድ ወሰድነው።

እኛ መፋቂያ ከአፋችን አንለይም፤ ለእሱ ግን አጥንት ጥለን ጥርሱ የጸዳ ይመስለናል። አጥንት እኮ ጥርስ ይሰብራል! ሳይታመም በፊት፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትባችሁ፣ ለስላሳ ብሩሽ በውኃ እያረጠባችሁ በየቀኑ ፋቁለት። የሰው የጥርስ ሳሙና ግን ተዉ፤ ውሻ መትፋት አያውቅም፣ የሚውጠውም ይጎዳዋል።

በጥርሱ ለሚጠብቀን፣ ጥርሱን ብንጠብቅለት ምን አለበት?