ራንካችን የሚለካው ምንድን ነው?



ከኢሻ በኋላ “አንድ ጌም ብቻ” ተብሎ ስልክ ላይ የማይጎነበስበት ዶርም ግቢያችን ውስጥ ካለ አሳዩኝ። እኔም ከጎንባሾቹ አንዱ ነኝ። አምና ፐብጂ ላይ ክራውን የገባሁበት ሌሊት ሱብሒ አምልጦኛል፤ በዚያው ሴሚስተር አፕላይድ ማዝ ሦስት ላይ ሲ አመጣሁ። ጨዋታው ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን ለኡስታዞቻችን ትቼ፣ እንደ ኢንጂነሪንግ ተማሪ አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ያ ቁጥር የሚለካው ምንድን ነው?

የደረጃ ፍቅር ከስልክ ጋር የመጣብን አይደለም። ግሼ ራቤል ስማር ካርዳችን ላይ “ደረጃ” የሚል ቦታ ነበረ፤ አባቴ ከሁሉ በፊት የሚያየው እሱን ነው። መድረሳ ግን ደረጃ የሚባል አልነበረም። የሐፈዘ ለኡስታዙ ያሰማል፣ ካለፈ ሉሑን አጥቦ አዲስ ይጽፋል። የጓደኛው መቅደም ወይም መዘግየት የእሱን ሉሕ አያጥብለትም።

የጌም ራንክ አባቱ ቼዝ ነው። አርፓድ ኤሎ የተባለ ሀንጋሪ የተወለደ የፊዚክስ መምህር አሜሪካ ውስጥ የቀመረውን ስሌት፣ የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1970 ተቀበለው። ኮንትሮል ሲስተም የወሰዳችሁ ወዲያው ይገባችኋል፤ ፊድባክ ነው። ከጨዋታው በፊት ስሌቱ ይገምታል፦ በ200 ነጥብ የሚበልጥ ሰው ከ100 ጨዋታ 76 ያህሉን ነጥብ ይወስዳል፣ በ400 የሚበልጥ 91 ያህሉን። ከዚያ ውጤቱ ከግምቱ የራቀውን ያህል ነጥቡ ይስተካከላል። እኩያውን ያሸነፈ 10 የሚያገኝ ከሆነ፣ በ400 የሚያንሰውን ያሸነፈ 2 ገደማ ብቻ ያገኛል፤ ቢሸነፍ ግን 18 ያህል ይከስራል። አንዱ ያገኘው ከሌላው የተወሰደ ነው። ሺህ ጊዜ ብትጫወቱም ካልተሻላችሁ ቁጥሩ እዚያው ነው።

ፐብጂ ሞባይል እንዲህ አይደለም። በታችኞቹ እርከኖች፣ ከብሮንዝ እስከ ጎልድ፣ ከምትገድሏቸው ብዙዎቹ ሰው ሳይሆኑ ቦት ናቸው። ነጥቡም ስትወጡ በርከት ብሎ ይሰጣል፣ ስትወድቁ ቆጠብ ብሎ ይቀነሳል። ስለዚህ መካከለኛ ተጫዋችም ሰዓት ካፈሰሰ ይወጣል። ኮንከረር ደግሞ በሰርቨሩ ላይ ከፊት ያሉት 500 ብቻ የሚይዙት ነው፤ እናንተ ስትተኙ ያልተኛው ይቀድማችኋል። ሁለት ወር ገደማ ሲሞላ ሲዝኑ ይዘጋና ሁላችንም እርከን ወርደን እንደገና እንጀምራለን። ለዚህ ነው ያ ቁጥር ችሎታዬን ብቻ ሳይሆን ያልተኛሁባቸውን ሰዓታትም የሚለካው የምለው። ለድርጅቱ ሁለተኛው ሳይሻለው አይቀርም።

“ራንክ ባይኖር ማን ይጫወታል?” ይለኛል የዶርሜ ልጅ። እውነት አለው። ጀማሪውን ከጀማሪ ባያገናኝ ኖሮ ገና ከፓራሹት ሳይወርድ ያልቅለት ነበር። ነገር ግን ያው ማገናኘት ሌላም ፊት አለው፤ በተሻላችሁ ቁጥር የሚገጥማችሁም የተሻለ ነው፣ ማሸነፍና መሸነፋችሁም ብዙ አይለወጥም። “ሊሞላልኝ ነው” የሚለው ስሜት የሚመጣው ከዚህ ይመስለኛል። እኔ አንድም ሌሊት ሞልቶልኝ ተኝቼ አላውቅም።

መወዳደር ነፍሱ የምትወድ ወንድም ካለ የኤሎው ዓይነት ልኬት ያለው ጨዋታ ይምረጥ (የቼዝም ፊቅህ ክርክር እንዳለበት አልዘነጋሁም)፤ ቢያንስ በእንቅልፍ ማጣት አይገዛም። ፐብጂ የሚጫወት ደግሞ ነጥብ የማይቆጠርበትን ሞድ ይሞክር። ጨዋታው ያው ነው፤ ማቆም ግን ይቀላል፣ የሚወርድ ነገር የለማ።

በዶርማችን የተስማማነው ከኢሻ በኋላ ሁለት ጌም፣ ከዚያ ስልክ ሁሉ በር አጠገብ ቻርጅ ላይ እንዲሰካ ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ ከብርድ ልብስ ወጥቶ ስልክ ለማምጣት የሚደፍር ይጠፋል ብለን ነበር። እስካሁን ሁለቴ ተደፍሯል፤ አንዱ እኔ ነኝ።