ጥፋተኛም ቢሆን ይቀበራል

ይህን የምጽፈው መቀሌ፣ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ቁጭ ብዬ ነው። ላፕቶፔ ጉልበቴ ላይ ነው፤ ወደ ቦሌ የሚሄደው በረራ ገና ሁለት ሰዓት ይቀረዋል። የመጣሁት ለቅሶ ልደርስ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ታናሽ ወንድም በጦርነቱ ሞቷል። መርዶው ለቤተሰቡ በይፋ የተነገረው ግን ጦርነቱ ካለቀ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ጥቅምት 2016 ነው። እኔ ደግሞ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ቆይቼ ነው "እግዜር ያጥናችሁ" ለማለት የመጣሁት። ለምን እንደቆየሁ እነግራችኋለሁ፤ የሚያኮራ ምክንያት አይደለም።

ለመንገድ ብዬ ስልኬ ላይ የጫንኩት የሶፎክለስን "አንቲጎኒ" ነበር። ለማታውቁት ባጭሩ፦ ተውኔቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ441 ገደማ አቴንስ ላይ የታየ ነው። የኤዲፐስ ሁለት ወንዶች ልጆች በሥልጣን ተጣሉ። አንዱ ቴብስን ሲከላከል፣ ሌላው የውጭ ጦር ይዞባት ሲመጣ ተገዳደሉ። ዙፋኑን የወረሰው አጎታቸው ክሪዮን አዋጅ አስነገረ፦ ኤቲዮክልስ በክብር ይቀበር፣ ፖሊኒከስ ግን ለአሞራና ለውሻ ይጣል፣ የቀበረው ይሞታል። እህታቸው አንቲጎኒ አስከሬኑ ላይ አፈር በተነች። ስትያዝ አልካደችም። ከነሕይወቷ ዋሻ ውስጥ አዘጋባት፤ እዚያው ራሷን ሰቀለች። እጮኛዋ ሄሞን፣ የክሪዮን ልጅ፣ ራሱን ገደለ፤ እናቱም ተከተለችው።

ስለዚህ ተውኔት ሲወራ ሁሌ የሚመጣ አንድ ብልጥ አስተያየት አለ፦ "ሁለቱም ልክ ናቸው።" ሄግልን የጠቀሰ ሰው ከዚህ አያልፍም። የመንግሥት ሕግ በአንድ በኩል፣ የቤተሰብ ግዴታ በሌላ በኩል፣ ሁለት እውነቶች ተጋጩ፣ አለቀ። እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ሁለት ትክክለኛ ጥያቄዎች ይዞ የሚመጣ ደንበኛ በየሳምንቱ ያጋጥመኛል። ስለዚህ ይህ አባባል ሊስበኝ ይገባ ነበር። አይስበኝም፤ ውሸት ነው።

መጀመሪያ "ሕግ" የተባለውን ነገር እዩት። የአንድ ሰው አዋጅ ነው፤ ዕድሜውም አንድ ቀን አይሞላም። ሄሞን ለአባቱ ከተማው በሙሉ ለልጅቷ በድብቅ እያዘነ እንደሆነ ሲነግረው፣ ክሪዮን ከተማ የገዢው ነው ብሎ ይመልስለታል። "ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ" ያልነው እኛ ብቻ አይደለንም ማለት ነው። ይህንን ከሕግ ጋር አንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ሕግን መስደብ ነው።

ሁለተኛውና ለኔ ዋናው ነገር ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፦ አንቲጎኒ "ወንድሜ አላጠፋም" ብላ አንዴም አትከራከርም። ክሪዮን "አገሩን ሊያጠፋ የመጣ ነው" ሲላት አታስተባብልም። የሞተ ይቀበራል፣ ወንድሜ ነው፣ በቃ። እኛ አገር ይህችን አንቀጽ ማንም አላነበባትም። ሁሉም ወገን ራሱን አንቲጎኒ ያደርጋል፤ ግን የሚያለቅሰው ልክ ነው ብሎ ላመነበት ሬሳ ብቻ ነው።

ይህ ማረፊያ በስሙ የተሰየመለት ራስ አሉላ የመተማን ሽንፈት ያየ ሰው ነው። መጋቢት 1881 ንጉሡ ዐፄ ዮሐንስ እዚያ ወደቁ፤ አስከሬናቸው በመሐዲስቶች እጅ ገብቶ ጭንቅላታቸው ኦምዱርማን ተወሰደ። ይህንን ስንማር የባዕድ ጭካኔ ብለን ነው የተማርነው። እሺ፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴን ነሐሴ 1967 ከሞቱ በኋላ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ከመሬት ሥር የሸሸገውስ ማን ነው? በሥርዓት የተቀበሩት ጥቅምት 1993 ነው፤ 25 ዓመት አልፎ። በቀይ ሽብር ልጃቸው መንገድ ላይ ተጥሎ እያዩ ማልቀስ የተከለከሉ እናቶች፣ አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ክፈሉ የተባሉ አባቶች፣ የየትኛው ባዕድ አዋጅ ነው የደረሰባቸው? ኅዳር 2013 አክሱም ውስጥ፣ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ከነዋሪዎች ሰምቶ እንደዘገበው፣ የኤርትራ ወታደሮች አስከሬን ለማንሳት የሞከረ ላይ ይተኩሱ ነበር። አፈር ለመበተን የወጣች እህት እዚያም ነበረች ማለት ነው፤ ስሟን የሚጽፍላት ሶፎክለስ አላገኘችም እንጂ።

እና መርዶ። መርዶ እኛ ዘንድ የጎረቤት ነው። ማለዳ፣ ፀሐይ ሳይወጣ፣ ሽማግሌዎችና የልብ ወዳጆች ተሰብስበው ይሄዳሉ፤ አንድ ሰው ብቻውን አይነገረውም፤ የሚደግፈው ሰው አጠገቡ ይቆማል። ከዚያ ድንኳን፣ እድር፣ ፍታት፣ አርባ። ትግራይ ውስጥ ግን የሺህ ቤተሰቦች መርዶ በአስተዳደር እጅ ሆኖ ወር ጠበቀ። ጥቅምት 2016 ጊዜያዊ አስተዳደሩ የሦስት ቀን ሐዘን አውጆ በአንድ ሰሞን ተነገረ። እስከዚያ ድረስ እናት በሹክሹክታ እየሰማች፣ እያወቀች፣ ድንኳን መጣል አትችልም። ምክንያት ይኖራቸዋል። ክሪዮንም ነበረው። በፌዴራሉ ወገን ያለው ደግሞ ከዚህ አይሻልም፤ ስንት ወታደር እንደሞተ የታተመ ሙሉ ቁጥር የት አለ?

"ሁሉም ለኅሊናዬ ብሎ አዋጅ ከጣሰ አገር ይቆማል ወይ?" የሚለኝ አለ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ እዚህ አገር ኅሊናዬ ብሎ ጠመንጃ ያነሳ ሞልቷል። አንቲጎኒ ግን ያነሳችው አፈር ነው። ማንንም አልገደለችም፣ ዙፋን አልጠየቀችም። ደግሞም ያልተጻፈ ያለችው ሕግ ዛሬ ተጽፏል፦ የጄኔቫ ስምምነቶች ሁለተኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል፣ 1977 እ.ኤ.አ.፣ አንቀጽ 8። በእርስ በርስ ጦርነት ጭምር ሙታን ይፈለጉ፣ አይገፈፉ፣ በክብር ይቀበሩ ይላል። ኢትዮጵያ ተቀብላዋለች። ስለዚህ ዛሬ ሬሳ የሚከለክል ሰው "ሕግ አስከባሪ ነኝ" ማለት እንኳ አይችልም።

ማንዴላ ሮበን ደሴት ታስሮ ሳለ እስረኞች ይህንን ተውኔት ሲሠሩ የደረሰው ሚና የክሪዮን ነበር። ለኔ የደረሰኝ የዘበኛው ነው። ዘበኞቹ አስከሬኑ ላይ የተበተነውን አፈር ጠርገው ያነሳሉ፤ ከዚያ ሽታው እንዳይመጣባቸው ነፋስ ወደማይወስደው በኩል ሄደው ይቀመጣሉ። ይህችን መስመር ሳነብ ስልኩን ዘጋሁት። በጦርነቱ ጊዜ ኦንላይን ስንሠራ የነበረው ይኸው ነው። አንዱ የሞተ ወንድሙን ፎቶ ሲለጥፍ ከሥር ገብተን "ማይ ካድራ ጊዜ የት ነበርክ?" ሌላው ሲለጥፍ "አክሱም ጊዜስ?" ጭናም፣ ጋሊኮማም እንዲሁ። አፈሯን ጠርጎ፣ ነፋስ በማይመጣበት ቁጭ።

እኔ በስክሪን ብቻ አይደለም ያደረግኩት። 2013 ክረምት፣ መቀሌ ስልክ ዳግም ከተቋረጠ በኋላ ነው። ባልደረባዬ አዲስ አበባ ከኔ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል፤ የቤተሰቡን ድምፅ ከሰማ ሳምንታት አልፈዋል። ምሳ ላይ "ወንድሜን በሕልሜ አየሁት" አለኝ። እኔ ምን አልኩት? "መጀመሪያ ማን ነው የጀመረው?" አልኩት። እንጀራውን እንደያዘ ትንሽ ዝም አለ፣ ከዚያ ስለ ሥራ ማውራት ጀመረ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ቤቱ አንድም ነገር ነግሮኝ አያውቅም። መርዶውን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ሁለት ዓመት የፈጀብኝ ይህቺ ጥያቄ ናት።

ትናንት ቤታቸው ስገባ እናትየው ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። አደይ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ወደዬ ይሉኛል። ግድግዳው ላይ ፎቶ አለ፣ መቃብር ግን የለም፤ የት እንደወደቀ እስካሁን አልታወቀም። ስለ ጦርነቱ አንድ ቃል አልጠየቁኝም። ወንድም እንዳለኝ ጠየቁኝ። አንድ አለኝ አልኩ። "የት ነው?" አሉ። አዲስ አበባ፣ ከእናቴ ጋር፣ አልኩ። "እግዚአብሔር ይጠብቀው" ብለው ሁለተኛውን ስኒ ቀዱልኝ።

ባልደረባዬ ዛሬ በመኪና እዚህ ድረስ ሸኘኝ። ታኅሣሥ 2015፣ በረራ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ተቋርጦ ሲጀመር፣ ሰው ተቃቅፎ ያለቀሰው እዚሁ ነው፤ እሱም በዚያው ወር ነው የመጣው፤ ወንድሙ ሊቀበለው ይወጣል ብሎ ይጠብቅ እንደነበር ሲነዳ ነገረኝ። በሩ ላይ ስንደርስ ያቺን የምሳ ቀን አነሳሁበት። ይቅርታ ማለት ፈልጌ ቃሉ አልመጣልኝም።

"አስታውሳለሁ" አለኝ። ከዚያ ቦርሳዬን ከኋላ አውጥቶ አቀበለኝ።