ቡድኑ ፈረሰ፤ ገዳዮቹስ?

ኦክቶበር 2022 ላይ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) የኬንያው ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሩቶ ቃለ መሐላ በፈጸሙ በወሩ ገደማ በወንጀል ምርመራ ዳይሬክቶሬት ሥር የነበረው «ልዩ አገልግሎት ክፍል» ፈረሰ። ትእዛዙን የሰጠሁት እኔ ነኝ ሲሉ ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ተናገሩ። ክፍሉ ከባድና የተደራጀ ወንጀልን እንዲዋጋ የተቋቋመ፣ መለዮ የማይለብሱ ፖሊሶች ስብስብ ነበር። ለመፍረሱ መነሻ የሆነው የሁለት ህንዳውያንና የኬንያዊ ሾፌራቸው ደብዛ መጥፋት ነው። ሦስቱ በዚያው ዓመት ጁላይ መጨረሻ ናይሮቢ ውስጥ ሌሊት ተወስደው አልተመለሱም። ህንዳውያኑ በሩቶ የምርጫ ዘመቻ በዲጂታል ሥራ ያገዙ ሰዎች ነበሩ። የክፍሉ አባላት ተይዘው ፍርድ ቤት ቀረቡ፣ መርማሪዎች አበርዴር ጫካ ድረስ ሄደው አፅም ፈለጉ፣ ሕዝቡም አጨበጨበ።

ያ ጭብጨባ ያለቦታው ነበር። ክፍሉ መፍረስ አልነበረበትም እያልኩ አይደለም። ሙግቴ ናይሮቢ ለሃያ ዓመት ያህል ከኖረችበት ሐሳብ ጋር ነው። ከተማዋ በወሮበላ ስትጨነቅ ልዩ ቡድን ይቋቋማል፤ ቡድኑ ያለ ፍርድ ሲገድል ይፈርሳል፤ ሲፈርስም ፍትሕ እንደተፈጸመ ይቆጠራል። አልተፈጸመም። ቡድን ሲፈርስ አባላቱ ወደየጣቢያው ይበተናሉ፤ ማን ማንን በየትኛው ሌሊት እንደገደለ የሚጠይቅ ሰው ግን አይመደብም። እንዲያውም ማፍረሱ ጥያቄውን የመዝጊያ መንገድ ሆኗል።

ልዩ ቡድን የሚጠይቁ ሰዎች ጭንቀታቸው የውሸት አይደለም። ሙንጊኪ የተባለው ድርጅት በ2002 ታግዶ እያለ እንኳ በናይሮቢ የማታቱ (የሕዝብ ሚኒባስ) መስመሮች ላይ ከየመኪናው በየቀኑ ገንዘብ ይሰበስብ ነበር፤ አልከፍልም ያለ ሾፌርና ረዳት ሕይወቱን ያጣል። በማታሬ የቆርቆሮ ሰፈሮች ነዋሪው ለመብራትና ለውኃ ሳይቀር ለሙንጊኪ ይገብር ነበር። ሰዎች አንገታቸው ተቀልቶ ተገኝተዋል። ልጇ ለማታቱ ሥራ ማለዳ ወጥቶ ማታ እስኪገባ የምትጨነቅ እናት «እነዚህን ሰዎች የሚጨርስልን ይምጣ» ብትል የሚፈርድባት ካለ እዚያ ሰፈር ያልኖረ ሰው ነው።

መንግሥት ለእናቲቱ የሰጣት መልስ ግን ምን ነበር? በጁን 2007 ፖሊስ ባልደረቦቹ ሲገደሉበት ማታሬ ገብቶ ቤት ለቤት ባካሄደው ዘመቻ ከ20 በላይ ሰው ሞተ። ሙንጊኪን ለማጥፋት የተቋቋመው «ክዌክዌ» የተባለው ቡድንም ሥራውን ቀጠለ። በ2008 የኬንያ ብሔራዊ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ባወጣው ዘገባ በጥቂት ወራት ውስጥ 500 ገደማ ሰዎች እንደተገደሉ ወይም እንደተሰወሩ፣ ጣቱ ወደ ፖሊስ እንደሚያመለክትም ገለጸ። ስለ ግድያዎቹ ለኮሚሽኑ በዝርዝር የመሰከረ አንድ ፖሊስ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ተተኩሶበት ሞተ። የተባበሩት መንግሥታት ልዩ መርማሪ ፊሊፕ ኦልስተን በፌብሩዋሪ 2009 መጥተው የፖሊስ ኮሚሽነሩ ከሥልጣን እንዲነሱ ጠየቁ። እሳቸው ከሄዱ ሳምንት ወይም አሥር ቀን ቢሆን ነው፣ ማርች 5፣ ስለ ግድያዎቹ መረጃ ያሰባስቡ የነበሩት ኦስካር ኪንጋራና ፖል ኡሉ ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ መኪናቸው ውስጥ እንዳሉ በጥይት ተገደሉ።

ኮሚሽነሩ በዚያው ዓመት ተነሡ። ተነሥተው የት ሄዱ? የፖስታ ድርጅት ኃላፊ ሆኑ። ክዌክዌም ቀርቷል ተባለ። የ500ዎቹን ሰዎች ጉዳይ ይዞ ችሎት የቆመ የለም።

ለልዩ ቡድን የሚሟገቱ ሰዎች ዋናው መከራከሪያቸው ፍርድ ቤት ነው። ወንበዴው ሲያዝ በዋስ ይለቀቃል፣ ምስክር ይፈራል፣ ስለዚህ ፖሊስ በራሱ መንገድ መጨረስ አለበት ይላሉ። እስቲ ይህን በወንጀል ምርመራ ዓይን እንየው። የተደራጀ ወንጀል ማለት ከላይ አዛዥና ገንዘብ ያዥ፣ ከመሐል መሣሪያ አቅራቢ፣ ከታች ደግሞ በየጎዳናው የሚላክ ልጅ ያለው ነገር ነው። ናይሮቢ ውስጥ በልዩ ቡድን ጥይት የሚወድቁት ከታች ያሉት ናቸው፤ አብዛኞቹ ከማታሬ፣ ከካዮሌ፣ ከዳንዶራ የመጡ ወጣቶች። ሽጉጡን ከማን እንደተከራየ፣ የዘረፈውን ስልክ ማን እንደሚገዛው፣ ከየትኛው ፖሊስ ጋር ድርሻ እንደሚካፈል የሚያውቀው ያ ልጅ ነው። እሱን መግደል ወደ ላይ የሚወስደውን መንገድ ራሱን ቆርጦ መጣል ነው። ወንጀለኛን ከመንገድ አጠፋሁ የሚለው ቡድን ለአለቃው ትልቁን ውለታ ይውልለታል። በማታሬ የማኅበራዊ ፍትሕ ማዕከል ያሉ ወጣቶች ከ2013 እስከ 2016 ባለው ጊዜ በመላው ኬንያ ፖሊስ የገደላቸውን ቢያንስ 803 ሰዎች መዝግበዋል። ያ ሁሉ ሬሳ አንድ ትልቅ የወንጀል አለቃ ችሎት ፊት አቁሞ ቢሆን ኖሮ የልዩ ቡድን ደጋፊዎች ቢያንስ የሚከራከሩበት ነገር ይኖራቸው ነበር።

ኢስሊ የተባለውን ሰፈር የማያውቅ የናይሮቢ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። በማርች 2017 መጨረሻ እዚያው ኢስሊ አንድ ነጭ ለባሽ ፖሊስ መሬት ላይ የወደቀን ወጣት ሰው በተሰበሰበበት ሲተኩስበት የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። በዚያ ቀን ሁለት ወጣቶች ሞቱ። የዚያን ጊዜው የናይሮቢ ፖሊስ አዛዥ ጃፌት ኩሜ ወጣቶቹ «ሱፐርፓወር» የተባለው ወሮበላ ቡድን አባላት እንደሆኑ ገልጸው ፖሊሶቻቸውን ደግፈው ቆሙ። በዚያው ዘመን በፌስቡክ «ሄሲ» በሚል ስም የተከፈቱ ገጾች የወጣቶችን ፎቶ ለጥፈው ያስጠነቅቁ፣ ጥቂት ቆይተው የዚያኑ ልጅ ሬሳ ይለጥፉ ነበር። ሺዎች በአስተያየት ያወድሱ ነበር። ይህን ሳስብ ከገዳዩ ይልቅ ያ ውዳሴ ያስፈራኛል፤ ቡድን ሲፈርስ ውዳሴው አብሮ አይፈርስምና።

የኢስሊው ተኳሽ ላይ ዓቃቤ ሕግ ክስ የፈቀደው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2022 መጨረሻ ነው። እዚያው ሰሞን፣ ልዩ አገልግሎት ክፍሉ በፈረሰ በወሩ ገደማ፣ የኬንያ ፖሊስ ዋና ኢንስፔክተር ሆነው የተሾሙት ጃፌት ኩሜ ነበሩ። በአንድ እጅ ማፍረስ፣ በሌላው መሾም። ሩቶ ፖሊስን እየለወጥኩ ነው ሲሉ ከልባቸው ይሁን አይሁን አልፈርድም፤ ሹመቱ ግን ለእያንዳንዱ ጣቢያ ከየትኛውም ንግግር ይልቅ የጠራ መልእክት ነበር።

ኢትዮጵያውያንም ጉዳዩ ይነካናል። በኖቬምበር 2021 አንድ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ ናይሮቢ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከመኪናው ተጎትቶ ሲወሰድ፣ እርዱኝ እያለ ሲጮህ፣ መንገደኛ በስልኩ ቀርጾታል። ማን እንደወሰደው አልተነገረም። ነጭ ለባሽ ፖሊስ ሰሌዳው በማይታወቅ መኪና ሰው አፍሶ መሄድ በለመደበት ከተማ አላፊ አግዳሚው የሚያየው አፈና ይሁን እስር መለየት አይችልም፤ አፋኙም የሚደበቀው በዚያ ውስጥ ነው። ለስደተኛ ደግሞ ይብሳል። ወረቀቱ ያልተሟላ ሰው ጣቢያ ሄዶ ወንድሜ ጠፋ ለማለት እንኳ ይፈራል።

ሌላ መንገድ መኖሩን የሚያሳይ ጉዳይ አለ፤ የጠበቃው ዊሊ ኪማኒ። ደንበኛው በፖሊስ የተተኮሰበት፣ ለመክሰስም የደፈረ የቦዳቦዳ (የሞተር ብስክሌት ታክሲ) ነጂ ነበር። በጁን 2016 ጠበቃው፣ ደንበኛውና ሾፌራቸው ከፍርድ ቤት ሲመለሱ ታፍነው በአንድ የፖሊስ ካምፕ ውስጥ ባለ ኮንቴይነር ተዘጉ። ከዚያ ሆነው በሶፍት ላይ ስልክ ቁጥርና አደጋ ላይ ነኝ የሚል ቃል ጽፈው ወደ ውጭ ወረወሩ፤ ያገኘው ሰው ደወለ። አስከሬናቸው ወንዝ ውስጥ ተገኘ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው ቁም ነገሩ፤ የስልክ መረጃ ተለቀመ፣ ምስክር ተጠበቀ፣ ተከሳሾች በየስማቸው ቆሙ። በጁላይ 2022 ጥፋተኛ ተባሉ፤ ሁለቱ ህንዳውያን የጠፉትም በዚያው ሰሞን ነው። በፌብሩዋሪ 2023 ዋናው ፖሊስ ሞት ተፈረደበት፣ ሁለት ባልደረቦቹና አንድ ጠቋሚ ረጅም እስራት። የሞት ፍርዱን አልደግፍም። ነገር ግን ሰባት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ያ ድካም፣ የጠበቆች ማኅበሩ ሰልፍ፣ የቤተሰቡ ጽናት ያስገኘው ነገር ከየትኛውም ማፍረስ ይበልጣል፤ አራት ሰዎች ማን እንደሆኑ፣ ምን እንዳደረጉ በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

በሌላ በኩል በጁን 2024 ወጣቶች የግብር ረቂቅ ሕግ ተቃውመው አደባባይ ሲወጡ ልዩ አገልግሎት ክፍል የሚባል ነገር አልነበረም፤ ከፈረሰ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር። መለዮ የሌላቸው ሰዎች ግን ነበሩ። ያው ብሔራዊ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን እስከ ዓመቱ መጨረሻ 82 የአፈና ወይም የመሰወር ጉዳዮችን ቆጥሮ፣ 29ኙ ገና እንዳልተገኙ አሳወቀ። ኩሜ በጁላይ ከሥልጣን ለቀቁ። የፖሊስ አዛዥ ተነሣ፣ ሰው አጨበጨበ፤ ልክ እንደ 2009።

ለናይሮቢ የመብት ተሟጋቾች የምለው ካለ፣ «ይፍረስ» የሚለውን መፈክር ለጊዜው አቆዩትና አንዲት ሕግ ያዙ ነው። ኬንያ በ2017 ከፖሊስ ነጻ የሆነ፣ ድንገተኛና አጠራጣሪ ሞትን የሚመረምር ብሔራዊ መሥሪያ ቤት እንዲቋቋም ሕግ አውጥታለች። ሕጉ ለዓመታት ወረቀት ላይ ቀርቷል። እስካሁን ድረስ ፖሊስ የገደለው ወጣት ሬሳ ከወደቀበት የሚነሣው በፖሊስ ነው፣ ቀለሁን የሚለቅመው ፖሊስ ነው፣ «ሽጉጥ ይዞ ነበር» የሚለውን የመጀመሪያ ሪፖርት የሚጽፈውም ፖሊስ ነው። ያ መሥሪያ ቤት በጀት፣ ሐኪምና ሬሳ ቤት የመግባት ሥልጣን እስኪያገኝ ድረስ የሚቀጥለው ቡድን ስም ምንም ቢሆን የማታሬዋ እናት ልጇ እንዴት እንደሞተ የምትሰማው ከገዳዮቹ አፍ ነው።