ልምድ ማዕዘን አይለካም

በአጥንት ቀዶ ሐኪሞች ዘንድ ሥር የሰደደ እምነት አለ፤ ብዙ ዳሌ የቀየረ ሐኪም ዓይኑና እጁ ይበቁታል፣ በኮምፒውተር የሚመራ መሣሪያ ለጀማሪ ድጋፍ፣ ለሀብታም ሆስፒታል ደግሞ ጌጥ ነው የሚል። እምነቱ ባዶ ሜዳ ላይ አልበቀለም። እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በራይቲንግተን ሆስፒታል መልክ ያስያዘው የዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ ያለ ኮምፒውተር እልፍ አእላፍ ሰዎችን ከምርኩዝ አላቅቋል። ይህ ግን ሐኪሙ ያለመው ቦታ ላይ ሁልጊዜ ማሳረፉን አያረጋግጥም።

በቀዶ ሕክምናው የተጎዳው የጭን አጥንት ራስ ወጥቶ በኳስ ይተካል፤ በዳሌው ጎድጓዳም ኳሱን የሚያቅፍ ጽዋ ይገጠማል። ጽዋው ከልክ በላይ ከቆመ ቶሎ ይበላል። አቅጣጫውን ከሳተ ደግሞ ታካሚው ጎንበስ ሲል ወይም ከዝቅተኛ ወንበር ሲነሣ ኳሱ ሊወልቅ ይችላል።

በቦስተን የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ተመራማሪዎች በ2011 ያወጡት ጥናት በዚህ ክርክር ውስጥ ደጋግሞ ሊነበብ ይገባዋል። የ1,823 ዳሌዎችን ራጅ መረመሩ። የተፈለገው ጽዋው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ እንዲያዘነብል፣ ከ5 እስከ 25 ዲግሪ ደግሞ ወደ ፊት እንዲዞር ነበር። ጠባብ ዒላማ አይደለም። ሁለቱንም መስፈርት ያሟሉት ግን 917፣ ማለትም ግማሾቹ ብቻ ናቸው! ይህ የሆነው በዓለም ከታወቁት ሆስፒታሎች በአንዱ ነው። እርግጥ ጥቂት ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ ሐኪሞች የመሳት ዕድላቸው ከሌሎቹ እጥፍ ያህል ነበር፤ ስለዚህ ልምድ ይጠቅማል። ሆኖም አይበቃም።

ምክንያቱ ሰውነቱ ራሱ ነው። ታካሚው ብዙውን ጊዜ በጎኑ ተኝቶ በጨርቅ ይሸፈናል፤ ሐኪሙ አጥንቱን ለማግኘት ጡንቻውን ሲስብና እግሩን ሲያጣምም ዳሌው ከጨርቁ ሥር ይዞራል። ዓይን ማዕዘኑን የሚገምተው ከጠረጴዛው አንጻር ነው፤ ጽዋው የሚገጠመው ግን በተንቀሳቀሰው ዳሌ ላይ ነው። የተለመደው መሪ መሣሪያ ይህን ክፍተት ይዘጋል። በዳሌው አጥንት ላይ በፒን የሚታሰረውን ምልክት ኢንፍራሬድ ካሜራ ይከታተላል፤ ሐኪሙ የታወቁ የአጥንት ነጥቦችን በጠቋሚ ከነካ በኋላ ጽዋው ሲመታ ዲግሪው በስክሪን ላይ ይታያል። ስህተቱ ቁስሉ ሳይሰፋ ይታረማል ማለት ነው።

የአውስትራሊያ ብሔራዊ የመገጣጠሚያ ቅየራ መዝገብም ይህንኑ ይደግፋል። በ2021 በታተመ ትንታኔ፣ በመሣሪያ ከተሠሩት 6,912 ቅየራዎች መካከል በውልቃት ሳቢያ በ10 ዓመት ውስጥ እንደገና የተከፈቱት 0.4 በመቶ ሲሆኑ፣ ያለ መሣሪያ በተሠሩት 0.8 በመቶ ደርሰዋል።

ተቃዋሚዎች የማዮ ክሊኒክን ጥናት ያነሣሉ፤ ከወለቁት 206 ዳሌዎች 58 በመቶው ደህና በሚባለው ማዕዘን ውስጥ ነበሩ። ይህ ዒላማው ለየሰዉ እንደሚለያይ ያሳያል እንጂ መለካትን አያስቀርም፤ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ዒላማ ሲያስፈልግማ ግምት ይበልጥ ያሳስታል። ወጪው፣ የሚጨምረው ደቂቃና የፒኑ ቁስል ደግሞ ዳግም ከመከፈት ጋር የሚወዳደሩ አይደሉም።

ዳሌ የሚቀይር ሆስፒታል ሁሉ ማዕዘኑን በቀዶ ሕክምናው ሰዓት ለክቶ በታካሚው ካርድ ላይ ማስፈር አለበት፤ ሳይለካ የሚገጠም ጽዋ ከእንግዲህ ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም።