«ባዶ እጁን መጣ» የተባለው ተጫዋች

የቤተሰብ ማዕዘን



በዚህ ሳምንት የደረሰን ደብዳቤ በደብተር ወረቀት ግራና ቀኝ የተጻፈ ሲሆን፣ ላኪዋ በመተማ መስመር ከተሰለፈው ክፍላችን የአንድ አሥር አለቃ ባለቤት ናቸው። ስማቸው እንዳይገለጽ ስለ ጠየቁ አንገልጽም። ጉዳዩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድማቸው በ2007 ዓ.ም. ጋላባትን ተሻግሮ ገዳሪፍ ገባ። ሳምንቱን በሰሊጥ መጋዘን ጆንያ እየተሸከመ፣ ዓርብ ሲደርስ ደግሞ ለአንድ የሠፈር ቡድን በተከላካይነት እየተጫወተ ዘጠኝ ዓመት ኖረ። ከቡድኑ የሚያገኛት ለጫማና ለምሳ የምትሆን ገንዘብ ነበረች። በ2016 ዓ.ም. በ34 ዓመቱ አንድ ሻንጣ አንጠልጥሎ ተመለሰ።

«እሱ ከመጣ ጀምሮ በቤታችን ሰላም የለም» ይላሉ እኅታችን። «እናቴ ባዶ እጁን መጣ ትላለች። ባለቤቴ ደግሞ ጦርነቱ ገዳሪፍ ከተማ ሳይገባ ምን አስሮጠው፣ ፈርቶ ነው ይላል። ወንድሜ ይህን ሁሉ እየሰማ በዚያችው ክፍል ይተኛል። ሳላዲን ሰኢድ ከዐረብ አገር የተመለሰ ጊዜ ግን ባለቤቴ እንደ ሠርግ ሲደሰት አይቼዋለሁ። የሁለቱ መመለስ ልዩነቱ ምንድነው? ባለቤቴ ጋዜጣችሁን ከዳር እስከ ዳር ስለሚያነብ እባካችሁ በዚያው መልሱልኝ።»

አሥር አለቃ፣ እንግዲህ ይህን የሚያነቡ ከሆነ ቡናዎን ይዘው ይቀመጡ።

በሳላዲን እንጀምር። ሳላዲን እንደ እኛው ጎረቤቱ ሱዳን ከሆነ ምድር፣ ከቤኒሻንጉል የተነሣ ልጅ ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ካተረፈ በኋላ ለግብፁ ዋዲ ደግላና ለቤልጅየሙ ሊርስ ተጫውቷል። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስናልፍ፣ አንዱን ግብ አዳነ ግርማ ሁለተኛውን ሳላዲን ማስቆጠራቸውን የማያስታውስ ወታደር ያለ አይመስለኝም። ከአንድ ወር ቀደም ብሎ ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለ ነበር፣ ያች ሁለተኛዋ ግብ የሕይወት ያህል ነበረች። ከዚያ በኋላ የአፍሪካን ሻምፒዮና ዋንጫ ከማንም ክለብ አብልጦ ወደ ወሰደው ወደ አል አህሊ ተዛወረ፤ ቀጥሎም ወደ አልጄሪያው ኤም ሲ አልጀር። በ2008 ዓ.ም. ወደ ጊዮርጊስ ተመለሰ።

ሰዉ በጊዜው «ከአህሊና ከአልጀር ወደ እኛ ሊግ መውረድ ምን ይሉታል?» እያለ አጉረምርሟል። ይህ አነጋገር ሊጎችን እንደ ማዕረግ ደረጃ ከመቁጠር የመጣ ነው። ኳስ ተጫዋች ግን የሚኖረው በሊጉ ስም ሳይሆን በሚሰለፍባቸው ደቂቃዎች ነው። በግብፅም ሆነ በአልጄሪያ አንድ ክለብ ሊያስመዘግብ የሚችለው የውጭ ዜጋ ቁጥር የተወሰነ ነው። ስለዚህ የውጭ ተጫዋች ቦታ ውድ ቦታ ናት፤ በእግሩ ጉዳት ሁለት ወር ከተኛ ወይም አሠልጣኝ ከተለወጠ ያችን ቦታ የሚፈልግ ሌላ ሰው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የአገሩ ልጅ ሲታመም ይታገሡታል። የውጭው ሰው ሲታመም ሒሳብ ይሠራበታል። ሠላሳ ዓመት የተጠጋ አጥቂ ደግሞ ተጠባባቂ ወንበር ላይ የሚያሳልፈው አንድ የጨዋታ ዘመን የሚመለስለት አይደለም፤ ጉልበቱ ቢያርፍም ዓይኑና ፍጥነቱ ይዝጋሉ።

የመመለሱን ፍሬ ደግሞ ከመዝገብ እንመልከት። ጊዮርጊስ በ2008 እና በ2009 ዓ.ም. ሊጉን አከታትሎ ወሰደ። በ2009 ዓ.ም. በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከምድብ ማጣሪያ የደረሰ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆነ፤ ከማሜሎዲ ሰንዳውንስ፣ ከኤስፔራንስና ከቪታ ክለብ ጋር ተደለደለ። ጌታነህ ከበደም እንደዚሁ ነው። በደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ ከቆየ በኋላ ወደ ደደቢት ተመልሶ በ2009 ዓ.ም. የሊጉ ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆነ። ወደ ኋላ የተመለሰ የተባለው እግር ወደ ፊት ሄደ ማለት ነው።

ገንዘቡም ቢሆን እንደሚወራው አይደለም። በውጭ የሚከፈለው በውል ላይ የተጻፈው ሳይሆን እጅ የገባው ነው። ደመወዝ ማዘግየት በእግር ኳስ ዓለም የታወቀ በሽታ በመሆኑ የዓለም እግር ኳስ ማኅበር፣ ፊፋ፣ በ2010 ዓ.ም. ደንቡን አሻሽሎ የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች በጽሑፍ አስጠንቅቆ፣ የ15 ቀን ጊዜ ሰጥቶ፣ ውሉን በሕጋዊ ምክንያት እንዲያፈርስ ፈቅዶለታል። እኅታችን በደብዳቤያቸው ጠርዝ ላይ በትንሽ ጽሕፈት እንዳሰፈሩት፣ ወንድማቸው ከመጋዘኑ ሲወጣ የሦስት ወር ሒሳብ ቀርቶበታል። ይህን ዋናው ገጽ ላይ ሊጽፉት በተገባ! የጆንያ ተሸካሚ ፊፋ የለውም፤ የሚያስጠነቅቅበት ወረቀት፣ የሚከስበት ዳኛ የለውም። ያለው መብት አንድ ነው፤ እሱም እግሩን አንሥቶ መሄድ ነው።

በዕድሜ ማምሻ መመለስንም በሚመለከት አንድ የሩቅ አገር ሰው ልጥቀስ። ሆላንዳዊው ዲርክ ኩይት ከእንግሊዙ ሊቨርፑልና ከቱርኩ ፌነርባቼ በኋላ በ2007 ዓ.ም. ማብቂያ በ35 ዓመቱ ወደ ቀድሞ ክለቡ ወደ ፌይኖርድ ተመለሰ። ጡረታውን ሊያሞቅ ነው ተባለ። በ2009 ዓ.ም. በሊጉ የመጨረሻ ቀን ሦስት ግብ አግብቶ ክለቡን ከ18 ዓመት በኋላ ሻምፒዮን አደረገና በዚያው ሳምንት ጫማውን ሰቀለ። የመመለሻ ደጅ ያልተከፈተላቸውም አሉ። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው አምበላችን ሉቻኖ ቫሳሎ ከአብዮቱ በኋላ ከአገር ወጥቶ በጣልያን ኖረ፤ በ2015 ዓ.ም. እዚያው ዐረፈ። ስለ መመለስ በምናወራበት ጊዜ ሁሉ እኔን የሚታወሰኝ እሱ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ቃል ልምጣ። «ፈርቶ ነው» ብለዋል፣ አሥር አለቃ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ዋድ መዳኒ ሲያዝ ሸሽቶ የወጣው ሕዝብ ከፊሉ የጎረፈው ወደ ገዳሪፍ ነበር። እርስዎም ከዚህ ማዶ ሆነው በመተማ ድልድይ ላይ ሲያልፉ ያየናቸውን እናቶችና ሕፃናት አይተዋል። ገዳሪፍ በተፈናቃይ ተጨናነቀች፤ የሱዳን ፓውንድ ዋጋውን አጣ፤ የሰሊጥና የማሽላ ገበያው ተናጋ። በዚህ ውስጥ ወረቀት የሌለው የውጭ አገር ጉልበት ሠራተኛ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጠርና ከሁሉ መጨረሻ የሚከፈለው ሰው ነው። ከተማው ውስጥ ጥይት እስኪጮህ መጠበቅ ነበረበት የምንለው ለምን ጥቅም ነው?

የኦምዱርማን ሁለቱ ታላላቅ ክለቦች ሂላልና መሪክ እንኳ አገራቸውን ለቅቀው በ2017 ዓ.ም. የጨዋታ ዘመን በሞሪታንያ ሊግ በእንግድነት ተጫውተዋል። ፊፋም የዩክሬን ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ በየካቲት 2014 ዓ.ም.፣ እዚያ የነበሩ የውጭ ተጫዋቾች ውላቸውን ለጊዜው አቋርጠው እንዲሄዱ ፈቀደ። አንዳቸውንም ፈሪ ያለ የለም። ወታደር ምሽጉን የማይለቅበት ምክንያት የእርሱ ቆዳ ከሌላው ሰው ቆዳ ስለሚወፍር አይደለም። መሐላ ስላለበት፣ ትእዛዝ ስላለበት፣ ከኋላው የሚጠብቀው ሕዝብ ስላለ ነው። የሰሊጥ መጋዘን ምሽግ አይደለም፤ ለመጋዘንም ማንም አልማለም። የራሳችንን መለኪያ የእኛ ባልሆነ ትከሻ ላይ ማሳረፍ ለወታደር አይገባውም፤ ይህን የምለው ራሴም በአንድ ወቅት በአንድ ዘመዴ ላይ ያንኑ ቃል ተናግሬ እስከ ዛሬ የማፍርበት ስለ ሆነ ነው።

ለእናት ደግሞ የማቀርበው ክርክር ሳይሆን ጥያቄ ነው። ልጅዎ ዘጠኝ ዓመት በሄደበት ጊዜ በየበዓሉ በሰው እጅ የላከው፣ የጣራ ቆርቆሮ የለወጠው ገንዘብ፣ ደብዳቤው እንደሚያስረዳው፣ ትንሽ አልነበረም። ባዶ የሆነው እጁ እንጂ ቤትዎ አይደለም። ሳላዲንን አውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበለው ሰው የክለብ ሰው፣ የጋዜጣ ሰው ነው። ከጋላባት በእግሩ የሚመጣውን የሚቀበል እናቱ ብቻ ናት፤ እርስዎ ዝም ካሉ ሌላ ተቀባይ የለውም።

እኅታችን በመጨረሻ የጠቀሱት ነገር አለ። ወንድማቸው በማለዳ ከሠፈሩ ልጆች ጋር ከጤና ጣቢያው ጀርባ ባለው ሜዳ ኳስ ይዞ ይወጣል፤ ልጆቹ «አሠልጣኝ» ይሉታል። ይህን ያነበብሁ ዕለት ወደ ስፖርት ኮሚቴያችን ሄጄ ጠየቅሁ። የክፍሉ ቡድን ከክረምቱ ወዲህ የመሐል ተከላካይ የለውም፤ ባለፈው ውድድር አራት ግብ የገባብን በዚያው በኩል ነበር። በረኛችን ማን እንደ ሆነ ለአሥር አለቃው መንገር አያስፈልግም፤ አራቱንም ከመረብ ያወጡት እርሳቸው ናቸው።

በወዳጅነት ጨዋታ ከሠራዊቱ ውጭ ያለ ሰው ማሰለፍ እንደሚቻል ኮሚቴው አረጋግጦልናል። ልምምዱ ቅዳሜ በ10 ሰዓት ነው። ወንድምየው የመጫወቻ ጫማውን ገዳሪፍ ጥሎ ስለ መጣ፣ ቁጥር 42 ትርፍ ጫማ ያላችሁ ጓዶች እስከ ዓርብ ማታ ለዝግጅት ክፍላችን ብታደርሱ እናመሰግናለን።